ክፍቱ ታንኳ

በአዋሽ ላይ ቱሪስት ለማንሸራሸር የተፈለገው አንድ ቀዛፊ ነው፤ የመጡት ግን አንዲት ልጅና አንድ ጎረምሳ፣ ሁለት ሆኑ። አለቃው ጋሽ ደርቤ ሁለት ታንኳ አስቀረቡ፤ አንዱ ክፍት፣ አንዱ ቀዛፊውን እስከ ወገቡ ከድኖ ውሃ የማያስገባ።

«ከታች የተወጠረውን ገመድ ቀድሞ ያለፈ ሥራው የሱ ነው። አንቺ ምረጪ» አሏት።

ልጅቷ ክፍቱን ያዘች። ተፎካካሪዋ መንበሩ ሳቀ።

«እህቴ፣ እሱ እኮ ገበቴ ነው! ሊጥ አቡኪበት።»

«ክዳን የሚያስፈልገው ለሚገነፍል ድስት ነው» አለችው። ሦስት ክረምት ሙሉ እየወደቀች ብቻዋን ያጠናችውን ወንዝ ለማንም ልትለቅ አልመጣችም።

ውሃው በድንጋዮቹ መሃል ሲፈላ መንበሩ እንደ ቀስት ተወርውሮ አለፋት። እሷ የገባባትን ውሃ እየጨለፈች ተከተለችው። የመጨረሻው ቋጥኝ ጋ ስትደርስ ሽፍኑ ታንኳ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ይንሳፈፋል፤ መንበሩ ድንጋይ አቅፏል።

«እህቴ፣ በናትሽ!»

«ገበቴ ላይ ትወጣለህ?»

«እወጣለሁ!»

ከፊቷ አስቀመጠችው። ገመዱ ሲቃረብ ነፍሱ መለስ አለችለት፤ ወደ እሷም ዞሮ ጥርሱን ፈለቀቀ።

«ፊት ያለሁት እኮ እኔ ነኝ! ጋሽ ደርቤ፣ ማን እንደሚቀድም እዩልኝ!»

ጋሽ ደርቤ ዳር ላይ ቆመው ራሳቸውን አከኩ። ቃል ቃል ነው።

ልጅቷ መቅዘፊያዋን ጠለቅ አድርጋ አንዴ ሳበች። ታንኳው ባለበት ዞሮ ኋላው ፊት ሆነ፤ መንበሩን ፊት ለፊት እያየች ገመዱን በጀርባዋ አለፈችው።