በስም ብቻ

ሴትየዋ የምርጫ ጣቢያው ሰልፍ አልንቀሳቀስ ሲላት ጮኸች። «የታመመ ልጅ ለጎረቤት ጥዬ ነው የመጣሁት! የአንድ እድር ሰዎች ነን፣ ማን ማንን አያውቅም? መታወቂያ ማገላበጡ ይቅርና በስም ብቻ አስገቡን!»

ሰልፈኛው አጨበጨበላት። አስመራጩም ጫጫታው ሲበረታበት መታወቂያ ማየቱን ተወው፤ ሰልፉም ፈጠነ።

ተራዋ ደረሰ። «ብርቅነሽ ዘለቀ።»

አስመራጩ መዝገቡን አይቶ ቀና አለ። «እርስዎ እኮ ቅድም መርጠዋል። ፈርመዋል።»

«እኔ? ኧረ በልጄ! ይኸው ጣቴ፣ ቀለም አልነካውም!» መታወቂያዋን ከጉያዋ አውጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችለት። «እባክህ ወንድሜ፣ ፎቶውን እየው። አንዴ ብቻ እየው።»

ቅድም ካጨበጨቡላት አንዱ ከኋላዋ ጮኸ። «ሴትዮ፣ በስም ብቻ ተባለ አይደል እንዴ? እኛም ልጅ ጥለን ነው የመጣነው!»