የአቶ ሳህሉ ትሎች

ብርሃኑ ለንደን፣ ሆሎዌይ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ወተት ፍለጋ የጋራውን ፍሪጅ ሲከፍት ታችኛው መደርደሪያ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አየ። ጥቅሉ ተንቀሳቀሰ። ብርሃኑ ወተቱን ትቶ በሩን ዘጋው።

የጥቅሉ ባለቤት በአጠገቡ ክፍል የሚኖሩት አቶ ሳህሉ ነበሩ። ሃምሳ ዓመት የሞላቸው፣ በንጉሡ ጊዜ ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ያገለገሉ፣ አሁን ሆስፒታል ውስጥ ወለል የሚያጸዱ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ዘመኑ 1970 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ለንደን ውስጥ ዝምተኛ ሐበሻ ሁሉ የደርግ ሰላይ ነበር፤ ለፍላፊውም እንዲሁ።

ብርሃኑ ያየውን ለጋሻው ነገረው። ጋሻው ደርግን የሚቃወመው የስደተኞች ማኅበራቸው ሊቀመንበር ነው፤ በሰልፍ ፊት ለፊት የሚቆም፣ ደርግን ሲያወግዝ ድምፁ እስኪዘጋ የሚጮህ። ዕድለኛ ነው ይሉታል። የሌላው ሰው ደብዳቤ ከአገር ቤት ተቀዶ ሲመጣ የእሱ እንደታሸገ ይደርሰው ነበር።

«ሌላስ ምን አየህ?» አለ ጋሻው።

«ጠዋት ጠዋት ከክፍላቸው የመገናኛ ሬዲዮ የመሰለ እዝዝታ ይሰማል። ትናንት ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ስልክ ይዘው በእንግሊዝኛ ‘ስንቱ ሞተ? ስንቱ በሕይወት አለ?’ ሲሉ ሰማኋቸው።»

ጋሻው የሻይ ኩባያውን አስቀመጠ።

«ተጠጋቸው። የሰላይ ቤተሰብ አገር ቤት ተንደላቆ ነው የሚኖረው። ዘመዶቻቸው የትና እንዴት እንዳሉ ካወቅን ሰውዬውን አወቅናቸው። ይህን ለማንም እንዳትተነፍስ፣ ጓድ ብርሃኑ።»

ብርሃኑ በማግስቱ የአቶ ሳህሉን በር አንኳኳ።

«ጋሼ ሳህሉ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ሰው እስኪጠይቀኝ ስጠብቅ ሁለት ዓመቴ!» አሉና እጁን ይዘው አስገቡት።

ጥቅሉ ውስጥ ያለው መንጠቆ ላይ የሚሰካ የባሕር ትል ነበር። እዝዝ የሚለው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ነው፤ ባልዲ ውስጥ ላሉ ሽሪምፖች፣ ዓሣ ማጥመጃ ለሚሆኑ ትንንሽ የባሕር ፍጥረታት፣ አየር ይነፋል። የስልኩም ሰው ዲል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ትል የሚሸጥላቸው ሽማግሌ ነው። አቶ ሳህሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ወርደው ዓሣ ያጠምዳሉ።

ምስጢሩ በአምስት ደቂቃ አለቀ። ብርሃኑ ግን አላመነም። እንዲህ ያለ ሽፋን የሚያዘጋጅ የሠለጠነ ሰላይ ብቻ ነው ብሎ ደመደመና፣ ዓሣ ማጥመድ እንዲያስተምሩት ለመናቸው።

ትምህርቱ የተጀመረው ከትል ነው። የቧንቧ ውሃ ይገድለዋል፤ ከባሕሩ በጀሪካን በመጣ ውሃ ብቻ ይርሳል። ጋዜጣው በየቀኑ ይቀየራል። የቆሰለውና የሞተው ወዲያው ይለቀማል፤ አንዱ ከበሰበሰ በማግስቱ ጥቅሉ ሙሉ ያልቃል። ሽሪምፕ ደግሞ ሙቀት አይችልም። በረዶ የሞላ ጠርሙስ ባልዲው ውስጥ ይንሳፈፍለታል እንጂ በረዶው ውሃው ውስጥ አይጨመርም፤ ጨዉን ያቀጥነዋል።

«እጅህን አውጣ!» ብለው ጮኹበት አንድ ቀን። ብርሃኑ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል በሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ያጥባል። «ሳሙና ሳሙና ትሸታለህ፤ ልትፈጃቸው ነው?»

ብርሃኑ ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲመለስ እጁን በጨው ውሃ እየተለቃለቀ ይገባ ጀመር። ሐምሌ ሲገባ በዚያ ሁሉ ሙቀት አንድም ሽሪምፕ ሳይሞትበት ዲል ደረሰ። አቶ ሳህሉ ባልዲውን አጎንብሰው ቆጠሩና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ብርሃኑ በመደሰቱ አፈረ።

እሑድ እሑድ ጋሻው ይጠይቀዋል። «ዘመዶቻቸውስ?»

«ስለ ዘመድ አያወሩም።»

«ታገሥ። ይለምዱሃል።»

እውነትም ለመዱት። ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ ወደ ባሕሩ ገባ ባለው ድልድይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ፣ አቶ ሳህሉ ከመንጠቆው ክር ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ ተናገሩ።

«ንዋይ የሚባል ልጅ አለኝ፤ በዕድሜ እኩያህ ነው። የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹን ደርግ ሲለቅማቸው አመለጠ። ደብረ ብርሃን ያለችው እህቴ አልታየሽ ደብቃዋለች፤ ከወፍጮው ጀርባ፣ ጎተራ ውስጥ። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩ።» ክሩን ሳብ አድርገው፣ «ስለ አንተ ጽፌ በሰው እጅ ልኬላታለሁ። ‘እግዜር እዚህም ልጅ ሰጠኝ፤ ብርሃኑ ይባላል’ ብያታለሁ።»

ብርሃኑ ሁለት ወር ሙሉ እንደጠረጠራቸው አሰበና ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

በማግስቱ ጋሻው ዘንድ እየሮጠ ሄደ። «በድለናቸዋል!» አለው። «ሰላይ ቢሆኑ ልጃቸው ጎተራ ውስጥ ይደበቅ ነበር?» ብሎ የሰማውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ነገረው።

ጋሻው በጥሞና አዳመጠ። «እንኳን አጣራን» አለ በመጨረሻ። «ንጹሕ ሰው ናቸው። የእኔም ልብ አረፈ።»

ብርሃኑ በዚያ ምሽት አቶ ሳህሉን በምግብ ቤቱ ትርፍ ዶሮ ጋበዛቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ጋሻው ከክፍሉ ጠፋ። ደርግ አፍኖ ወስዶታል ተባለ። ብርሃኑ የጋሻውን ፎቶግራፍ ካርቶን ላይ ለጥፎ ሰልፍ ወጣ፤ አቶ ሳህሉም ከሥራ ቀርተው «ጋሻው ይፈታ!» እያሉ አብረውት ጮኹ።

መስከረም ላይ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አቶ ሳህሉ ለነገው ጉዞ ትል እየለዩ ሳለ ከአገር ቤት የመጣች ሴት የአልታየሽን ደብዳቤ አድርሳ ሄደች።

«እጄ ረጥቧል፤ ክፈትና አንብብልኝ፣ ልጄ» አሉት።

ብርሃኑ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«ወንድሜ ሆይ፣ ንዋይን ወሰዱብን፤ በገዛ እጄ በር የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ፣ አለቃቸው ‘ጋሻው እባላለሁ፣ ከለንደን መምጣቴ ነው፣ የብርሃኑ ጓደኛ ነኝ’ ስላለኝ።»