የጮኹት ጉድጓዶች

«እዚህ ቲነር አይደፋም። ለጽሕፈቱና ለፊደል ስሕተቱ ይቅርታ።»

ይህን ካርቶን በአባቷ የቀለም ቤት ደጃፍ ላይ የሰቀለችው ሕሊና ናት። ስምንተኛን ጨርሳ ከአባቷ ከያርጋል ጋር የብረት በር መቀባት ከጀመረች ወዲህ ለሁሉም ነገር ይቅርታ ትጠይቃለች። ዶሮ መንገድ ብትዘጋባት እንኳ ዶሮዋን ይቅርታ ብላ ነው የምታልፈው።

ካርቶኑ ያስፈለገው በወሬ ምክንያት ነው። ከቀለም ቤቱ ጀርባ የደባርቅ ሰው ቆሻሻ ሲጥልበት የኖረ ገደል አለ። ከገደሉ አጠገብ ባለው ሜዳ መዋዕለ ሕፃናት ሊሠራ ሲታሰብ፣ ጎረቤታቸው ሐመልማል «ያ መሬት ተመርዟል፤ ያርጋል ቲነሩን እየደፋ ጨርሶታል» ብላ አስወራች።

ያርጋል ሲሰማ ሳቀ። «በዚህ ዋጋ ቲነር ማን ይደፋል? እኔ ብሩሽ ያጠብሁበትን ቀለሙ እስኪዘቅጥ አስተኝቼ፣ መልሼ ነው የምሠራበት።»

ሳቁ የቆየው ትሕትና የምትባል ባለሙያ ከጎንደር እስክትመጣ ነው። ትሕትና በብረት ዘንግ ጠባብ ጉድጓድ ትከፍታለች፤ ቱቦ ታስገባለች፤ ከቱቦው ጫፍ ያለችው ትንሽ መሣሪያ ደግሞ አፈሩ ውስጥ ያለውን አየር ትስባለች። ቲነርን የመሰለ ቶሎ የሚተን ነገር ካገኘች ትጮኻለች።

«የማን እንደሆነስ ትናገራለች?» አለች ሐመልማል።

«መኖሩን እንጂ የማን እንደሆነ አታውቅም።»

«እሱን እኛ እናውቃለን።»

የሰፈሩ መሬት ሲቆፈር ሽማግሌ ሳይመርቅ አይሆንም። መራቂው የሕሊና የእናቷ አባት፣ አያ ልደቱ ናቸው። ባለፈው ዐቢይ ጾም ለንስሐ አባታቸው ቃል ገብተው አረቄ ከተዉ ወዲህ የጸበል ጠርሙስ ከጋቢያቸው ሥር ተለይቶ አያውቅም። በየጠዋቱ የምታመጣላቸው ሕሊና ናት። ምንጩ ቁልቁለቱን ወርዶ ሩቅ ነው፤ እሷ ግን እግረ ቀላል ስለሆነች የተጣደ ውሃ ሳይፈላ ትመለሳለች። አረቄ ሻጯ የሺወርቅ «ደንበኛዬን ጸበል ነጠቀኝ» እያለች ትስቃለች።

ሜዳው ላይ የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲከፈት አያ ልደቱ መርቀው ሊያልፉ ሲሉ ሐመልማል ያዘቻቸው።

«አያ፣ ጸበሉንም ጠብ ያድርጉበት እንጂ።»

«ለጉድጓድ?»

«ልጆች የሚውሉበት መሬት አይደለም እንዴ?»

አያ ልደቱ ታድነኝ እንደሆነ ብለው ወደ ባለሙያዋ ዞሩ።

«ውሃ ምን ያደርጋል፤ ይርጩ አባቴ» አለች ትሕትና።

ቅር እያላቸው ጠብ አደረጉ። መሣሪያዋ ጮኸች። በሁለተኛው ጉድጓድም ጠብ አደረጉ፤ ጮኸች። በሦስተኛው ጠርሙሱን ዘቅዝቀው አራገፉት፤ መሣሪያዋ ግልገሏን እንደተቀማች ፍየል ጮኸች።

የቀረው የያርጋል ግቢ ነው። እዚያ አያ ልደቱ «ጸበሌም አለቀ» ብለው በባዶ እጃቸው መረቁ። ቱቦው ገባ። መሣሪያዋ ጭጭ አለች።

«አላልኋችሁም?» አለ ያርጋል።

«ድመትም እኮ ኩሷን የምትቀብረው ከቤቷ ወጥታ ነው» አለች ሐመልማል።

ሰው ሳቀ። ትሕትና ግን ሳትስቅ፣ ቅዳሜ ተመልሳ እንደምትለካና ሜዳው ዳግም ከጮኸ ቀለም ቤቱ እንደሚዘጋ ለያርጋል ነገረችው።

ያርጋል ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ንጹሑን ብሩሽ ደግሞ ያጥብ ጀመር። «እንግዲህ ዳባት ወርደን የሰው ግንብ ስንለስን እንኖራለና» አለ።

«እግዜር ያውቃል፣ ልጄ» አሉ አያ ልደቱ፣ ከጠርሙሳቸው ጎንጨት እያሉ።

ሕሊና አባቷን አየች፤ አያቷን አየች።

«ይቅርታ፣ አባባ» አለቻቸው።

«ምን አጠፋሽ?»

«ገና ነው።»

ቅዳሜ ሕሊና ጸበሉን ይዛ የደረሰችው ሰው ሁሉ ሜዳው ላይ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል። «ዘገየሁ፣ ይቅርታ» ብላ ጠርሙሱን ሰጠቻቸው።

አያ ልደቱ እንደ ልማዳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው አንዴ ተጎነጩ። ፊታቸው ጭምድድ አለ። የልጅ ልጃቸውን አፍጥጠው አዩ፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች።

ከዚያ ተነሥተው ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየሄዱ ያንቆረቁሩት ጀመር።

«ኧረ ለእርስዎም ይትረፍ፣ አያ» አለች ሐመልማል።

«ይጠጣ አፈሩ። ለኔ በቃኝ።»

ቱቦው በየጉድጓዱ ገባ፤ መሣሪያዋ ዝም አለች። ትሕትና ተበላሽታ እንደሆነ ብላ የማርከር ክዳን ከፍታ አስጠጋችላት፤ ጮኸች። መልሳ ወደ ሜዳው ወሰደቻት፤ ዝም።

«አፈሩ ንጹሕ ነው» አለች በመጨረሻ፤ ራሷም ግራ እየተጋባች።

ቀድማ እልል ያለችው ሐመልማል ናት። «ጸበሉ እኮ ነው መርዙን ነቅሎ ያወጣው» አለች። ያርጋል ሮጦ የአማቱን ጉልበት ሳመ። አያ ልደቱ ባዶውን ጠርሙስ ይዘው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ጎንበስ አሉ። ሳይመሽ ከዳባት ሳይቀር ጀሪካን ይዞ የመጣ ሰው ደጃቸውን ሞላው። ቅር ያላት የሺወርቅ ብቻ ነች፤ «ዛሬስ የጠዋቱም ገበያ ቀዝቅዞብኝ ነው የዋለው» እያለች ታጉረመርማለች።

ሕሊና በዚያ ጠርሙስ ጸበል ስትቀዳ ያን ቅዳሜ የመጀመሪያዋ እንደነበር ለማንም ተናግራ አታውቅም።