በደጅ በኩል

ይሄይስ አንዱን የቀጋ ቅርንጫፍ ጎተት ሲያደርገው እሾሁ ጣቱን ወጋው። ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ቀና አለ። የሰው ቁመት የሚያህል የእሾህ ክምር መንገዱን ዘግቶታል። ትናንት አንስቶት ነበር። ከትናንት ወዲያም እንዲሁ። ጠዋት ሲመጣ ግን እንደገና ተከምሮ ያገኘዋል።

ከክምሩ አጠገብ ራሱ ያስተከለው ሰሌዳ ቆሟል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። «ቀላል የእግር መንገድ፤ እስከ ፏፏቴው አርባ ደቂቃ» ይላል። መንገዱንም የቀየሰው እሱ ነው። ስዊድን ስምንት ዓመት ተቀምጦ የተማረው ይህንኑ ነበር፤ ሰው ደን ውስጥ ሳይደክም፣ ደኑንም ሳይጎዳ እንዴት እንደሚሄድ። መንገዱ ከአስፋልቱ ተነስቶ በጥብቁ ደን ውስጥ በዝግባውና በኮሶው መካከል ያልፋል፤ ከዚያ በዚህች በቀርከሃ በታጠረች ቤት ጓሮ በኩል ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ፏፏቴው ከዚህ ይሰማል።

«ወርደዋል» አለ አድማሴ፣ የደኑ ጥበቃ፣ ስልኩን ወደ ኪሱ እየመለሰ። «ሚኒባሷ አራግፋቸው ተመልሳለች። አሥራ አንድ ጡረተኛ መምህራን ናቸው፤ አንዷ ከዘራ ይዘዋል አሉ። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅባቸው ነው።»

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ናቸው። ከዚህ ከተመለሱ የቀበሌው ሰው ሁለተኛ እንደማያምነው ይሄይስ ያውቃል።

«ቶሎ በል እናንሳው።»

«ስንት ጊዜ ይነሳል? እጄ እኮ ወንፊት ሆነ።»

«አንሱት፣ አንሱት። ቀጋው እንደሁ ሞልቷል!» አለ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ድምፅ።

የቤቱ ባለቤት እማማ ይታይሽ ናቸው። ድንች ሲቆፍሩ ቆይተው፣ መቆፈሪያቸውን እንደያዙ፣ እጃቸው እስከ ክንዳቸው አፈር እንደሆነ ብቅ አሉ።

«እንደምን አደሩ እማማ?»

«አሁን ገና ትዝ አልኩህ? ከጓሮ ቆመህ?»

«ድንችዎን እንዳይረግጡብዎ ከሆነ አጥር አሠራለሁ።»

«ድንቹ መቼ ከሰሰህ?»

«ጩኸት ፈርተው ከሆነም አይጮሁም። ዓርብ ዕለት እንኳ መንገዱን ላሳይ አሥር የቀበሌ ሰው ይዤ ሳልፍ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።»

«እሱን ነው የምልህ!» መቆፈሪያውን መሬት ላይ ተከሉት። «በሰው ጓሮ ድምፁን አጥፍቶ የሚያልፍ ምን ይባላል?»

አድማሴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሌባ» አለ፣ ዛፍ ዛፉን እያየ።

«ውሻዬ ጮኸ፤ ወጣሁ። አሥር ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። እንደምን አደርሽ የሚል አንድ ሰው ይጥፋ? ከእናቴ ጀምሮ ፏፏቴ የሚወርድ ሰው በዚህ ቤት ደጅ ነበር የሚያልፈው። አንተ መጣህና መንገዱን ከደጄ አንስተህ ወሰድከው።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ያን ዕለት እኔ ራሴ የሞትኩ መሰለኝ።»

ይሄይስ አስታወሰ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «ሰው እንዳይረበሽ ዝም ብለን እንለፍ» ያለው እሱ ነበር። ከቤቱ ጭስ ሲወጣ እያየ፣ ሰው እንዳለ እያወቀ። እዚያ የተማረበት አገር አክብሮት እንዲህ ነው፤ ራቅ ማለት፣ ድምፅ አለማሰማት። በዚያ ቀን ደስ ብሎት ነበር ቤቱ የገባው።

«በደጅ በኩል ያለው እኮ ዳገት ነው፣ እማማ። እንግዶቹ ደግሞ ሽማግሎች ናቸው።»

«እኔስ ኮረዳ ነኝ? በቀን ሦስት ጊዜ እወጣዋለሁ። ደጄ ላይ መደብ አለ፤ ተቀምጠው ይተነፍሳሉ። ማን አባረራቸው?»

መልሱን አልጠበቁም። ዞረው በጓሮ በር ገቡና በሩን ድርግም አደረጉት።

ከደኑ ውስጥ የሰው ሳቅ፣ ድንጋይ የሚነካ የከዘራ ድምፅ መሰማት ጀመረ። ይሄይስ አገሩ ከገባ ወዲህ በማናቸውም ነገር ሁለት ልብ ነበር። አሁን ልቡ አንድ ሆነለት። የሰሌዳውን እንጨት በሁለት እጁ አንቆ ወዘወዘውና ነቀለው።

«ወዴት ነው?» አለ አድማሴ።

«በደጅ በኩል።»

«አርባ ደቂቃውስ? ተጽፏል እኮ!»

«ትፍቀዋለህ።»

«ፍቄ ምን ልበል?»

«እማማ ይታይሽ እስኪያሰናብቱን በል።»

ሰሌዳውን ተሸክሞ ዳገቱን ያዘው። እንግዶቹ ደርሰው ኖሮ ከኋላው እየተቀላለዱ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ተከተሉት። ደጁ ላይ ሲደርስ መዝጊያው ዝግ ነው። ባለቤቷ ቤት ውስጥ እንዳሉ ያውቃል፤ አሁን ነው የተለያዩት። ለአፍታ ሞኝነት መሰለው። ሰሌዳውን አስቀምጦ ሸሚዙን አስተካከለ።

«ቤቶች!»

ውሻው እንኳ አልጮኸም፤ ቀና ብሎ አየው። ባለ ከዘራዋ እንግዳ ደርሰው መደቡ ላይ ዘፍ አሉ።

«ቤቶች! እንደምን አደራችሁ?» አለ፣ አሁን በሙሉ ድምፁ፣ አባቱ የሰው ደጅ ሲደርስ እንደሚጣራው አድርጎ።

«ማነው?» አለ ድምፅ ከውስጥ፤ ዛሬም ሆነ ከዛሬ በፊት ዓይኑን አይተውት እንደማያውቁ ሁሉ።

«ይሄይስ ነኝ፣ እማማ። እንግዶች ይዤ መጥቻለሁ።»

መዝጊያው ተከፈተ። እማማ ይታይሽ ቅድም ያልነበረ ነጭ ነጠላ አጣፍተዋል፤ ከታጠቡት እጃቸው ውሃው ገና ይንጠባጠባል።