ያልተለካው መነጽር

የኔታ አዲሱን መነጽር አድርገው ዳዊታቸውን ከፈቱና በጣታቸው እየተከተሉ፣ አንድም ቦታ ሳይደናቀፉ መድገም ጀመሩ። የመነጽር ቤቱ ሠራተኛ እፎይ አለች። ጠዋት አዲሱን የኮምፒውተር ፕሮግራም ስታስተካክል የየሌንሱን ዋጋ በጥንቃቄ አስገብታ፣ «ሳይለካ አይሰጥም» የሚለውን መቆለፊያ ግን ወረፋው እንዳይጓተት ብላ አጥፍታው ነበር። የእሳቸውም መነጽር ሌንሱ ከታዘዘው ጋር መግጠሙ ሳይረጋገጥ ነው የወጣው። ኮምፒውተሩ ምንም ሳይጠይቃት «ርክክብ ተፈጽሟል» ብሏል።

«እንዴት ነው የኔታ፣ በደንብ ይታያል?»

«እግዚአብሔር ያክብርሽ ልጄ» አሉና መድገማቸውን ቀጠሉ። ጣና ዳር ወደሚኖሩበት ደሴት የሚመልሳቸው ጀልባ ሊነሳ ነበር። ልትሸኛቸው የዳዊቱን ማኅደር ይዛ ጠጋ ስትል፣ ጣታቸው የሚሄድበትን ገጽ አየችው። አንድም ፊደል የለበትም፤ ገጹን የሞላው የእመቤታችን ሥዕል ነበር።

ማኅደሩ እጇ ላይ ቀረ። «የኔታ... በቃልዎ ነው እንዴ የሚደግሙት?»

መነጽሩን እንዳይሰበርባቸው እየፈሩ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው አፍንጫቸው ላይ አስተካከሉት።

«ምንም አልታየኝም» አሉ፣ ጥፋቱ የእሳቸው ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዓይኔ እስኪለምደው ነው ብዬ ዝም አልሁ።»