የሊቁ የስንብት ግጥም

ሽማግሌው ሃይኩ የምትባለው የሦስት መስመር የጃፓን ግጥም ሊቅ ነበሩ። ቃል ከመቆጠባቸው የተነሳ ሲያስነጥሱ እንኳ ግማሹን ያስቀሩታል ይባላል። ሚስታቸው ኪኑዮ አርባ ዓመት የጻፈችውን ግጥም ሁሉ ግን "ወሬ ነው!" እያሉ ምድጃ ውስጥ ከተቱት።

በአገሩ ወግ ገጣሚ ሲሞት የስንብት ግጥም ትቶ ይሄዳል። እሳቸውም የራሳቸውን ሃያ ዓመት ሲያሿት ኖረው፣ ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሆነው፣ እንድትገባ ለተፈቀደላት ለኪኑዮ ብቻ በጆሮዋ ነገሯት። ዓይኗ እንባ ሲያቀርር አይተው ደስ አላቸው። ወዲያው አንደበታቸው ተዘጋ።

ኪኑዮ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።

"እትዬ፣ መምህራችን ምን አሉ?" አሉ ውጭ የሚጠብቁት ደቀ መዛሙርት፣ ስልካቸውን ደግነው።

"'ሾርባው ጨው አንሶታል' አሉ።"

አንዱ ቃላቱን በጣቱ ቆጠረና፣ "ወይ ጥበብ! አንዲት ትርፍ ቃል እንኳ የለችበትም!" ብሎ ተንሰቀሰቀ።

"ሐውልታቸው ላይ ይቀረጽ!" አሉ ሌሎቹ።

ጆሮ ከሁሉ ኋላ ነው የሚሞተው፤ ሊቁ አንድም ሳይቀር ሰሙ። ኪኑዮ ተመልሳ ብርድ ልብሳቸውን እያስተካከለች ጎንበስ አለች።

"ያቺ የነገሩኝ ግጥም ደግሞ" አለቻቸው፣ "ወሬ ናት።"