ከራሱ የተቀነሰ ሰማይ

በህዋ ምርምር ቢሮው እንደ ወጣቱ የፎቶ ባለሙያ በራሱ የሚተማመን አልነበረም። ሙቀትን በሚያይ የኢንፍራሬድ ካሜራ በተነሳ ፎቶ ላይ የሰማዩ ሙቀት እንደ ጉም ኮከቦቹን ይጋርዳል፤ ጉሙን ለመግፈፍ ከጎን ያለውን ባዶ ሰማይ ለብቻው ፎቶ አንስቶ ያንን ከመጀመሪያው ፎቶ ላይ መቀነስ ነው። ሌሎቹ በማውስ ሲዳክሩ እሱ በኮምፒውተሩ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ላይ አንዲት መስመር ትእዛዝ ይጽፍና የ«ኢንተር» ቁልፍን ጠቅ ያደርጋል። ውጤቱን ከፍቶ ማየት የጀማሪ ነው ባይ ነው።

እጮኛው ቤዛዊት «ሁልጊዜ ኮከብ ኮከብ ትላለህ፤ አንድም ቀን አላሳየኸኝም» ብላ ካኮረፈች ሰንብታለች። ስለዚህ ያን ቀን ፎቶው እንዳለቀ ሳይከፍት ላከላት፤ «መሀል ላይ ያለችውን ደማቅ ኮከብ በስምሽ ጠርቻታለሁ።»

ወዲያው አለቃው ዶክተር ሙሉነሽ ያንኑ ፎቶ ከፈቱት። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው።

«የኔ ጌታ፣ ከምኑ ላይ ምኑን ነው የቀነስከው?»

ትእዛዙን መልሶ አየው። ሁለቱም ቦታ የጻፈው የዚያኑ የአንዱን ፎቶ ስም ነው፤ ፎቶውን ከራሱ ላይ ቀንሶት ኖሯል።

ለቤዛዊት ምን እንደሚላት ሲጨነቅ መልእክቷ ገባ።

«አየኋት! እንዴት ታምራለች! እማዬም አየቻት፤ እንዲያውም ከጎኗ ሁለት ትንንሽ ኮከቦች አሉ ብላኛለች።»